ቅንፍ ውስጥ መውረድ

ሜዲትራኒያን ባሕርን በሚዞር የሽርሽር መርከብ የጉዞ ሠንጠረዥ ላይ «ሮም» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ከጎኑ በቅንፍ፣ በደቃቁ፣ «ቺቪታቬኪያ» ይላል። ተጓዡ ገንዘቡን የሚከፍለው ለትልቁ ጽሑፍ ነው፤ የሚወርደው ግን ቅንፉ ውስጥ ነው። ቺቪታቬኪያ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። «ፍሎረንስ» የተባለው ሊቮርኖ ነው፤ እሱም ከፍሎረንስ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይርቃል። «አቴንስ» የተባለው ደግሞ ፒሬየስ ነው። ይሄኛው እንኳን አያስከፋም፤ አረንጓዴው የሜትሮ መስመር ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሞናስቲራኪ ያደርሳል፤ አክሮፖሊስ ከዚያ ሆኖ ቀና ሲሉ ይታያል።

የመርከቡ ድርጅት ራሱ የሚያዘጋጃቸው ጉብኝቶች አሉ። ደረት ላይ ቁጥር ይለጠፋል፣ ጆሮ ላይ ማዳመጫ ይሰካል፣ ዘንግ ከፍ አድርጋ የያዘች አስጎብኚ ትቀድማለች፣ አርባ ሰው እንደ ጫጩት ይከተላታል። ሽንት ቤት የገባውን አንድ ሰው ሠላሳ ዘጠኙ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ይጠብቁታል። ይህን የሰማ ሁሉ «እኛስ በራሳችን ነው የምንወጣው» ይላል። መልካም ሐሳብ ነው። ችግሩ ከዚያች ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ አዲስ አስጎብኚ መሾሙ ነው፤ ከባለ ዘንጓ የሚለየው ጉርሻ ስለማይሰጠው ፈገግ አለማለቱ ብቻ ነው። ሹሙ ሠንጠረዥ ያወጣል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ከመሳፈሪያው ቀን ሦስት ወር በፊት ለባለቤቱ ያነብላታል። «ከ4፡20 እስከ 4፡25 ሽንት ቤት።» «በ4፡20 ባይመጣብኝስ?» «5፡40 ላይ ቡና አለ፤ እዚያ ትሄጃለሽ።»

በትንሽ መርከብ መሄድ የራሱ ኩራት አለው። ከ25,000 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2021 ጀምሮ በሳን ማርኮ አደባባይ ፊት ለፊት እንዳያልፉ ቬኒስ ላይ ተከልክሏል፤ ትንሹ ግን ይፈቀድለታል። የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ላይ ትልልቆቹ ከጥንታዊው ከተማ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ግሩዥ ወደብ ሲቆሙ፣ ትንንሾቹ ብዙ ጊዜ ቅጥሩ ፊት ለፊት መልሕቅ ይጥላሉ። ተሳፋሪው ታዲያ ወደ ግሩዥ አቅጣጫ አሻግሮ እያየ ይታዘባል፤ ወዲያው ከመልሕቁ ወደ ዳር የምታደርሰውን የራሱን ጀልባ ለመጠበቅ ይሰለፋል። ትንሽ መርከብ ማለት ብዙ መልሕቅ ማለት ነው፤ ብዙ መልሕቅም ብዙ ጀልባ። ማዕበል ሲነሳ ጀልባዋ አትወርድም። በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ኤጂያን ባሕር ላይ ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ፣ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያው አዝናለሁ ብሎ ደሴቱን ያልፈዋል። ገንዘብ የማይመለስበት ትኬት የቆረጠ ሰው ያን ቀን ፊቱን አይቶ መለየት ይቻላል። ስለዚህ በጀልባ በሚወረድባቸው ቦታዎች የሚያዝ ነገር ሁሉ እስከ ዋዜማው ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን፤ መርከቡ የወደቡን ግድግዳ ተጠግቶ በሚቆምባቸው ወደቦች ግን ቀደም ብሎ መክፈል ብዙ አያሰጋም።

አሁን የሮምን ሒሳብ እንሥራው። መርከቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ደርሶ ማታ 1 ሰዓት ይነሳል፤ ሲያዩት 12 ሰዓት ሙሉ ነው። የወደቡ ሰዎች መውረድ እስኪፈቅዱ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ በነፃው አውቶቡስ ላርጎ ዴላ ፓቼ እስከሚባለው መናኸሪያ፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወይም በእግር እስከ ባቡር ጣቢያው፣ ሰልፉን ጨምሮ ሦስት ሩብ ሰዓት። ባቡር መጠበቅ ሩብ ሰዓት። ባቡሩ እስከ ሳን ፒዬትሮ ጣቢያ አንድ ሰዓት ቢጠጋ ነው፤ ቫቲካንን የሚፈልግ ሰው እዚያው ይውረድ እንጂ የሮም ዋና ጣቢያ ተርሚኒ ድረስ ሄዶ አይመለስ። ከጣቢያው እስከ አደባባዩ በእግር ሩብ ሰዓት። እንግዲህ 3፡45 ሆነ፤ ገና አንድ ሐውልት አልታየም። የመልሱ ሒሳብ የሚጀምረው መርከቡ ከሚነሳበት ሰዓት ሳይሆን 18:30 ተብሎ ከተጻፈው የመሳፈሪያ ማብቂያ ነው፤ ማለትም ምሽት 12 ሰዓት ተኩል። ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ለክፉ ቀን ይቀመጣል። የቀረው ወደ ኋላ ሲቆጠር 9 ሰዓት ላይ ሮምን መሰናበት ነው። የተረፈው አምስት ሰዓት ከሩብ ነው፤ ምሳው፣ የጀላቶው ሰልፍና «ትንሽ ብቻ አይቼ ልውጣ» የተባለበት የቦርሳ ሱቅ ሲቀነሱ ደግሞ አራት እንኳን አይሞላም። ቫቲካንና ኮሎሲየም አራት ሰዓት ውስጥ አብረው አይገቡም። ይገባሉ የሚል ሰው ሠንጠረዡ ላይ «መራመድ» የሚለውን ረስቷል።

ትኬቱ የወረቀት ከሆነ ባቡሩ ላይ ከመውጣት በፊት ጣቢያው ውስጥ ባለችው ማሽን ማስመታት ግድ ነው፤ ለመልሱም እንደገና። ተቆጣጣሪው ያልተመታ ትኬት ሲያገኝ ይቀጣል። «ቱሪስት ነኝ፣ አላወቅሁም» የሚለውን ንግግር በብዙ ቋንቋ ሰምቶታልና አዲስ ነገር አይጠብቁ።

ጣሊያን ውስጥ የባቡር ሠራተኞች ሥራ የሚያቆሙት አስቀድመው አስታውቀው ነው፤ ከጉዞው በፊት «ሾፔሮ» (የሥራ ማቆም አድማ) የሚለውን ቃል ከቀኑ ጋር መፈለግ ያዋጣል። በሥራ ቀን ከሆነ ሕጉ ለሕዝቡ ሁለት ጊዜ ያስከብራል፤ ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታ ከ12 እስከ 3 የተወሰኑ ባቡሮች ይሄዳሉ። ሕጉ የታሰበው ሠራተኛውን ሥራ ቦታው አድርሶ ለመመለስ ነው። የመርከብ ተሳፋሪን ግን በጠዋቱ ባቡር ሮም ወስዶ ያስቀምጠዋል፤ የማታው ባቡር ሲነሳ መሳፈሪያው ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለ ቀን ላይ የመርከቡን አውቶቡስ መያዝ ሽንፈት አይደለም። ደረት ላይ የሚለጠፈውን ቁጥር ለአንድ ቀን መቻል ነው።

ሊቮርኖ ላይ ደግሞ የታወቀው ጠብ «ፍሎረንስ ወይስ ፒሳ» የሚለው ነው። ፒሳ በባቡር 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መንገዱ በፒሳ በኩል ስለሚያልፍ የቤቱ ሹም «ሁለቱንም!» ይላል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። የፒሳ ግንብ ከዋናው ጣቢያ በእግር 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ፣ እጅን አየር ላይ ዘርግቶ ግንቡን የደገፉ ከሚመስሉት መቶ ሰዎች መሃል ቦታ ማግኘት፣ ሁለት ሰዓት ሄደ። ፍሎረንስ ያለው የኡፊዚ ሙዚየም ላይ የተያዘው ቀጠሮ ያን ጊዜ አልፏል። እሱም ሰኞ ካልሆነ ነው፤ ሰኞ ኡፊዚ ዝግ ነው። የቫቲካን ሙዚየሞች ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ ይዘጋሉ፤ የኔፕልስ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ማክሰኞ። የመርከብ መስመሮች በየወደቡ የሚደርሱት ልክ የሚዘጋበትን ቀን ጠይቀው ይመስላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለዚህ «ምን ልይ?» ሳይሆን «ያን ቀን ዕለቱ ምንድነው?» ነው።

ኔፕልስ ላይ ወደ ጥንታዊቷ ፖምፔይ ፍርስራሽ የምትወስደው ባቡር ቺርኩምቬዙቪያና ትባላለች። ወደ ሶሬንቶ የምትለውን ይዞ «ፖምፔይ ስካቪ – ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» ላይ መውረድ ነው፤ ከጋሪባልዲ ጣቢያ 35 ደቂቃ ያህል። ስማቸው ውስጥ ፖምፔይ ያለባቸው ሌሎች ጣቢያዎችም አሉ፤ እነሱ የዛሬዋ ፖምፔይ ውስጥ ያወርዳሉ። ሰዎች እዚያ ወርደው ፍርስራሹን ሲፈልጉ የሚያገኙት ፋርማሲና ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ መግቢያው በስም ሆኗል፤ በቀን ከ20,000 ሰው በላይም አይገባም። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ ፓስፖርቱ ግን ብዙ ትንንሽ መርከቦች ላይ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ተሰብስቦ ተቀምጧል። ቀድሞ መጠየቅ፣ ካልተሰጠ ፎቶግራፍ ያለበት ሌላ መታወቂያና የፓስፖርቱን ቅጂ መያዝ ነው። ትልቅ ሻንጣ አያስገቡም፤ ጥላም ብዙ የለም። ውሃ፣ ባርኔጣ፣ ጠፍጣፋ ጫማ። ባለ ተረከዙን ለእራት።

ሳንቶሪኒ ትንሹንም ትልቁንም እኩል የምታደርግ ደሴት ናት። ሁሉም መልሕቅ ይጥላል፤ በራሱ የሚወጣውም ሁሉ ፊራ ከተማ ግርጌ ያለው አሮጌው ወደብ ላይ በጀልባ ይራገፋል። ወደ ላይ ሦስት መንገድ አለ፤ የገመድ መኪናው፣ ከ580 በላይ ደረጃ፣ እና አህያ። አህያውን በተመለከተ የግሪክ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ከ100 ኪሎ በላይ ወይም ከእንስሳው ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳይጫን ደንግጓል፤ አምስት ቀን መርከብ ላይ ሲበላ ለከረመ ሰው ሕጉ ወደ ግል ጉዳይ ይገባል። ደረጃውን የሚመርጥም አህዮቹ የሚሄዱት በዚያው ደረጃ ስለሆነ እግሩ ሥር ማየት አለበት፤ ድንጋዩ ለስልሷል፣ የለሰለሰበት ምክንያትም ንጹሕ አይደለም። ዋናው ነገር መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ያን ቀን ሦስት ትልልቅ መርከቦች ካሉ፣ ከሰዓት በኋላ ለገመድ መኪናው ከአንድ ሰዓት በላይ መሰለፍ ሊመጣ ይችላል። የእርስዎ መርከብ 150 ሰው ብቻ መያዟን ገመዱ አይጠይቅም። የወደቦች የመርከብ ቀጠሮ አስቀድሞ ይወጣልና ቀኑን ማየት፣ ብዙ ሰው ካለ በጠዋት ኦያ የሚባለውን መንደር አይቶ ከምሳ በፊት መውረድ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሽርክና ነው። ከቱርኩ ወደብ ከኩሻዳሲ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዋዜማው እራት ላይ አንድ ሰው «ስምንት ከሞላን እኮ መኪና መያዝ ለሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው» ይላል። ትንሽ መርከብ ላይ ስምንት ሰው ለማግኘት አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጠዋት ላይ ግን ስምንት ሰው ስምንት ኤፌሶን ይዞ ይመጣል። አንዷ የእመቤታችን ቤት የሚባለውን ካላየሁ አልመለስም ትላለች፤ አንዱ በሌላ ትኬት የሚገባባቸውን ባለ ሞዛይክ ቤቶች ይፈልጋል፤ አንዱ ጉልበቱን ያመዋል፤ አንዷ ባሕር ዳር መዋኘት ነው የመጣሁት ትላለች፤ አንድ ጋሼ ደግሞ ለሁሉም «እናንተ እንዳላችሁ» እያሉ ቆይተው መኪናው ሲነሳ የመርከቡ ካርድ ካቢን ውስጥ መቅረቱን ያስታውሳሉ።

ከሹፌሩ ጋር ሳይነሱ የሚነጋገሩት ነገር አለ። ዋጋው ለመኪናው ነው ወይስ ለሰው? በዩሮ ነው ወይስ በሊራ? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? ምንጣፍ ቤት ይገባል ወይስ አይገባም? የፖም ሻይ ከቀረበ በኋላ ምንጣፍ ሳይዘረጋ መውጣት አይቻልም፤ ሲዘረጋ አንድ ሰዓት ነው። ደግሞ ኤፌሶን ሁለት በር አላት፤ በላይኛው ገብቶ ቁልቁል በሴልሱስ ቤተ መጻሕፍት በኩል በታችኛው መውጣት ነው የሚሻለው። ሹፌሩ ታች እንዲጠብቅ ካልተነገረው ያወረደበት ቦታ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ስምንቱም በቀትር ፀሐይ ያንኑ ቁልቁለት አቀበት አድርገው ይመለሱበታል። ክፍያው ሁሉ ሲያልቅ ይሁን። ሒሳቡ ሲከፋፈል ሁልጊዜ አንድ ሰው ዝርዝር የለውም፤ «መርከቡ ላይ እሰጥሃለሁ» ይላል። ትልቅ መርከብ ቢሆን ይቻል ነበር። ትንሽ መርከብ ላይ ግን የ5 ዩሮ ዕዳ ይዞ አንድ ሳምንት መደበቅ ከባድ ሥራ ነው፤ ባለዕዳው ቁርስ የሚበላበትን ሰዓት ይቀይራል፣ ደረጃ ላይ ስልክ ያነሳል።

ስለ ሰዓት ሁለት ነገር። ግሪክ ከጣሊያን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልክ ወደ ወደቡ ሰዓት በራሱ ይቀየራል፤ የመርከቡ ሰዓት የሚቀየረው ካፒቴኑ ሲያዝ ነው። መርከቡ የግሪክን ሰዓት እንደያዘ ጣሊያን ከደረሰ፣ ስልክዎ 10 ሰዓት ሲል መርከቡ ላይ 11 ሆኗል። ስለዚህ አንድ የእጅ ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ተሞልቶ ይቆይ፤ ስልኩ ፎቶ ያንሳ።

«ኧረ መቼም ጥሎን አይሄድም» የሚል ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። መርከቡ የሚጠብቀው ራሱ የላካቸውን ሰዎች ነው። በራሱ የወጣው ሲቀር፣ ስሙ ሁለት ሦስቴ ይጠራል፣ ፓስፖርቱ ለወደቡ ወኪል ይሰጣል፣ መልሕቁ ይነሳል። ቀጣዩ ወደብ ድረስ ያለው ወጪ የቀረው ሰው ነው። የወኪሉ ስልክ በየዕለቱ በሚታደለው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ያን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስቶ መውረድ ይጠቅማል። ቪዛው የሼንገን ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ትኬት ሳይቆረጥ ማየት ነው፤ ክሮኤሺያ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ሼንገን ውስጥ ናት፣ ሞንቴኔግሮና ቱርክ ግን አይደሉም። ዱብሮቭኒክ ላይ ቀርቶ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ኮቶር ላይ መርከቡን ለመያዝ የሚሮጥ ሰው 90 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና መሃሉ ላይ አንድ ድንበር አለበት፤ በበጋ ድንበሩ ላይ የመኪናው ሰልፍ ረዥም ነው፣ የታክሲው ዋጋም ሳይነሱ ካልተቆረጠ ቆጣሪው ሰልፉ ላይ ቆሞም መቁጠሩን አይተውም።