«ሸሞንሟናዬ»፦ ባንድ የሌለው ቅልቅል ምሳሌ ይሆናል?

ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት የቀዳው በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ሰው እዚህ ካሴት ላይ ባንድ አልያዘም። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ዲኤክስ 7 የተባሉ ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ ኪቦርዶች) እና ድራም ማሽን ይዞ የአገር ዜማዎችን ብቻውን ተጫወታቸው። አንዲት ወጣት ኪቦርድ ተጫዋች ካሴቱ ዛሬ ዴሞ (የሙከራ ቅጂ) ለሚቀዱ ልጆች ትልቁ ምሳሌ ነው ትላለች። በሆቴል ባንዶች ዘመን ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ አንጋፋ ሙዚቀኛ ደግሞ በዚህ አይስማሙም። ሁለቱም ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲለዋወጡ ተጋብዘዋል።

ኪቦርድ ተጫዋቿ

ጋሼ፣ ይህን ካሴት እወደዋለሁ። ከዚያ ልነሳ።

ቅልቅል የሚባል ሙዚቃ ሞልቷል። አብዛኛው የእኛን ዜማ ከላይ ያስቀምጥና ከሥሩ የሌላ አገር ሙዚቃ ያነጥፍበታል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ እንጂ አይገናኙም። ጋሽ ኃይሉ ያደረጉት ሌላ ነው።

አኮርዲዮኑን እንውሰድ። መሣሪያው ለእኛ አገር አዲስ አልነበረም። አንድ ሰሞን በየወታደር ባንዱ ነበር። በኋላ ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ መጡና ገሸሽ ተደረገ። እሳቸው በወጣትነታቸው የተጫወቱት እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ የዘመኑ አዳዲስ ሲንተሳይዘር እጃቸው ላይ እያለ ያንን የተረሳ መሣሪያ አንስተው ዜማውን ለሱ ሰጡት። ሲንተሳይዘሩ አጃቢ ሆነ፣ አኮርዲዮኑ ዘፋኝ።

ይህ ቀላል የሚመስለው ሞክሮ ለማያውቅ ሰው ነው። እኔም አኮርዲዮን እነካካለሁ። በግራ እጅ በኩል ያሉት የኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) ቁልፎች የተሠሩት ለአውሮፓ ሙዚቃ ነው። አንዱን ስጫን ሙሉ ሜጀር ወይም ሙሉ ማይነር ኮርድ ይሰጠኛል። አሁን ከቅኝቶቻችን አንዱን፣ አምባሰልን፣ ከዶ እናንሳው። ዶ፣ ሬ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ሚ የለችም። ሚ ፍላትም የለችም። የዶ ሜጀርን ቁልፍ ስጫን ሚ ትመጣለች። የዶ ማይነርን ስጫን ሚ ፍላት ትመጣለች። ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው። አምባሰል የሚያምረው ሜጀር ነው ማይነር ነው ሳይባል ተንጠልጥሎ ሲቆይ ነው። አንዷ ኖታ ሾልካ ከገባች አምባሰልነቱ እዚያው ያልቃል።

ካሴቱ ላይ «አምባሰል» የሚል ሥራ አለ። ጆሮዎን ሰጥተው ይስሙት። ሥሩ ያለው አጃቢ ዜማውን አይጫነውም፣ ቦታ ይለቅለታል። ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ ታቅፎ ቅኝቱን ሳይነካ የሚያልፍ ሰው ቅኝቱን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው። ለዚህ ነው ዴሞ ለሚቀዱ ልጆች «ይህን ስሙ» የምለው። አብዛኞቹ ባንድ የላቸውም። መለማመጃ ቦታ የላቸውም። ያላቸው ላፕቶፕና አንድ ኪቦርድ ነው። በዚያችው ምን መሥራት እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ የሚያሳያቸው ሥራ አላውቅም።

ሳክስፎን ተጫዋቹ

ልጄ፣ ስለ አምባሰል የጻፍሽው እውነት ነው። ጆሮሽም ጥሩ ነው። የኃይሉን ጣት የሚያማ ሙዚቀኛ ደግሞ ገጥሞኝ አያውቅም። የምከራከረው ከሰውየው ጋር አይደለም። ካሴቱ ምሳሌ ይሁን መባሉን ነው የምቃወመው።

አንቺ ቅልቅል የምትይው ድምፅ ከድምፅ ሲገጥም ነው። እኔ ያደግሁበት ቅልቅል ሰው ከሰው ሲገጥም ነው። ዋልያስ በ1977 ያወጡትን «ቸ በለው» አንሺ። «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ሸክላ ላይ ነው። የውጭ ባንዶች ሳይቀሩ እስከ ዛሬ ይጫወቱታል። ፈንክ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ ነው፣ ጠረኑ ግን የእኛ ነው። ሙላቱ አስታጥቄም እዚሁ ሸክላ ላይ አለ። ያ ነገር ወረቀት ላይ ተጽፎ አልመጣም። ሂልተን ሌት ከሌት ከመሥራት የመጣ ነው። ጊዜው የሰዓት እላፊ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ በሩ ይዘጋል። እንግዳውም ባንዱም እስኪነጋ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሌሊት አብሮ ያነጋ ድራመር ቤዝ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገረው ያውቃል።

ችክችካን ልንገርሽ። ወረቀት ላይ 6/8 ነው። ስድስቱም ምቶች እኩል ሆነው ተጽፈዋል። ጥሩ ድራመር ግን እኩል አይመታቸውም። አንዷን ጥቂት ያቆያታል፣ ቀጥላ የምትመጣዋን ያስቸኩላታል። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻው የሚይዘው ያችን የቆየችዋን ነው። ድራመሩ ሁለት እየቆጠረ እኛ ነፊዎቹ ከላይ ሦስት እንቆጥራለን። ከትራምፔቱ ጋር አንድ ዜማ ስንነፋ የት ላይ እንደምንተነፍስ መነጋገር አያስፈልገንም። ያ ትንፋሽ የሙዚቃው አካል ነው። ድራም ማሽን የታዘዘውን ይመታል። ከኃይሉ ጋር አይከራከርም፣ አያባብለውም፣ አያስቸኩለውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንቺ አልደረስሽበትም። አንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ስምንት ሆነን እንሠራ ነበር። ባለቤቱ ኪቦርድ ገዛ። በወሩ «ዘፋኝና ኪቦርድ ይበቃኛል» ብሎ አሰናበተን። ድራመራችን ሹፌር ሆነ። ትራምፔት ነፊው መሣሪያውን ሸጠ፤ የሸጠ ቀን አብሬው ነበርኩ፣ እስከ ቤቱ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ ካሴቶቻችን ላይ የሰው ትራምፔትና ሳክስ እየጠፋ፣ በቦታው የኪቦርድ ብራስ ገባ። በዚያ ሙዚቃ ያደገ ትውልድ ያንን ድምፅ ትራምፔት ነው ብሎ አደገ። አሁን ደግሞ አንቺ ለልጆቹ ምሳሌ አድርገሽ የምታቀርቢላቸው የዚያኑ መንገድ መጀመሪያ ነው።

ኪቦርድ ተጫዋቿ

ስለ ክበቡ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ጋሼ። ያንገበግባል። ዕዳውን ግን በዚህ ካሴት ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም።

ባንዶቹን የበተናቸው ብዙ ነገር ነው። ሰዓት እላፊው ለሂልተን ረጅም ሌሊት ሰጠ፤ ብዙ ትንንሽ የምሽት ቤቶችን ግን አቀዘቀዛቸው። ሳንሱር ነበር። ስደቱን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዋልያስ ራሳቸው በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደው ገሚሱ እዚያው ቀረ። ጋሽ ኃይሉ ብቻቸውን የቀዱት ባንድ ንቀው አይደለም። ባንዱ ሁለት አገር ላይ ተከፍሎ ነው።

ደግሞስ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ከየት መጡ? ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙና አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ያኔ አንድ የማሲንቆ አዋቂ «ይህ ብረት የእኛን ዜማ ያበላሻል» ብሎ ተከራክሮ ረትቶ ቢሆን ኖሮ እርስዎ የሚቆሙለት የሆቴል ባንድ ከየት ይመጣ ነበር?

ወደ ምቱ ልመለስ። ማሽኑ እኩል መምታቱ እውነት ነው። ግን አኮርዲዮኑን ይከተሉት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አኮርዲዮኑ ወደ ኋላ ይጎተትና ድንገት ይደርስበታል። እርስዎ የቆየችዋ ያሏት ምት እዚያ ናት። ከከበሮው ወጥታ ዜማው ላይ ገብታለች። አኮርዲዮንም እኮ ይተነፍሳል፤ ሳንባው በክንድ ነው የሚከፈተውና የሚዘጋው። አየሩ ሲያልቅበት ድምፁ ያልቃል። የት ላይ አየር እንደሚስብ ተጫዋቹ ልክ እንደ እርስዎ አስቀድሞ ያስባል። ትንፋሽ የለውም እንዳይሉኝ።

ሳክስፎን ተጫዋቹ

አርመኖቹን ማንሳትሽ ለእኔ ይመሰክራል። እነሱ ሰዎች ናቸው። እዚህ ኖረው አስተማሩ፣ ከእኛም ተማሩ። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የእኛን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብሩ ኖረዋል። ስንቱ ሙዚቀኛ በእጃቸው ወጣ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን የነፋው የሚሸልል ሰው ጉሮሮ እየሰማ ነው። ማንም ፋብሪካ ያንን ድምፅ ሳክሱ ውስጥ አላስቀመጠለትም። ብረቱ እንግዳ ነበር፣ ልክ ነሽ። ለማዳ ያደረገው ግን ሰው ነው።

ይህ ነገር እስከ ቅኝቱ ድረስ ይሄዳል። ስለ ሚ ስትጽፊ ኖታ ቆጥረሽ ጻፍሽ። አለች፣ የለችም። ማሲንቆ አጠገብ የቆመ ሰው ግን የአምባሰሏ ሬ ፍላት ሁልጊዜ አንድ ቦታ እንደማትቆም ያውቃል። ጣቱን ጥቂት ያንሸራትታታል። እኔ በከንፈሬ እጎትታታለሁ። አኮርዲዮኑም ዲኤክስ 7ቱም ፋብሪካው በቃኛቸው ልክ ነው የሚሰጡሽ። በኪቦርድ ብቻ ያደገ ጆሮ ማሲንቆውን ሲሰማ «ቅኝቱ ልክ አይደለም» ይላል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ወጣት አቀናባሪ የማሲንቆውን ድምፅ በኮምፒውተር «አስተካከለው»። አስተካከለው! ያችን የምታስለቅሰዋን ነገር አወጣት ማለት ነው።

የአኮርዲዮኑ ሳንባ ነገር ገብቶኛል። አዎ፣ ወደ ኋላ ይጎተታል። ግን ብቻውን ነው የሚጎተተው። ድራመር ቢሆን ይሰማውና ወይ ይጠብቀዋል ወይ ይገፋዋል። ማሽኑ መሰማቱንም አያውቅ።

ኃይሉስ ራሱ በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ምን አደረገ? ድራመርና ቤዝ ተጫዋች ይዞ ገባ። ዕድሉ ሲገኝ ወደ ሰው ተመለሰ። ይህን ከእኔ በላይ የሚያስረዳልኝ የለም።

ኪቦርድ ተጫዋቿ

«ላላ በሉ» እኮ ከየትም አልመጣም፣ ጋሼ። አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ የ«ሸሞንሟናዬ»ን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው። በዚያን ጊዜ ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዱ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። መድረኩም፣ ድራመሩም፣ ቤዝ ተጫዋቹም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ብቻቸውን የቀዱት ሥራ ባንድ አመጣላቸው። ባንድ እስካገኝ ብለው ቢጠብቁ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት አንድም ነገር በእጃችን አይኖርም ነበር።

ለልጆቹም የምለው ይህንኑ ነው። ብቻህን ከሆንክ ብቻህን ቅዳ። ግን ቅኝቱን ዕወቅ። አብዛኛው የዛሬ ዴሞ የሚወድቀው ማሽን ስላለበት አይደለም። ልጁ አንቺሆዬን ከባቲ መለየት ሳይችል ኮርድ ስለሚደረድር ነው። አንቺሆዬ ከዶ ሲነሳ ሶል የላትም፣ ሶል ፍላት ናት ያለችው። ከሥሯ የተለመደውን ዶና ሶል አብሮ የሚመታ ጊታር ያስገባ ልጅ ገና በመጀመሪያው ምት ከቅኝቱ ጋር ተጣልቷል። ይህን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ከድራመርም ጋር ቢቀዳ ያው ነው።

ስለ ማሲንቆዋ ሬ ፍላት የጻፉት ግን ከልቤ ገብቷል። እሱን አስቤበት ነበር። ዛሬ ሶፍትዌሩ አንዲቷን ኖታ ለይቶ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ያስችላል። ማሲንቆውን ወደ ኪቦርዱ ከመጎተት ኪቦርዱን በማሲንቆው መቃኘት ይቻላል። እኔ አሁን የምሠራቸው ሥራዎች ላይ እንዲህ ነው የማደርገው።

ሳክስፎን ተጫዋቹ

ኪቦርዱን በማሲንቆ መቃኘትሽ ደስ ብሎኛል። ይህን የሚያስብ አቀናባሪ ብዙ አላየሁም። ስለ አንቺሆዬም ያልሽውን እያንዳንዱ ጊታር ተጫዋች ያንብበው።

ብቻውን የሆነ ልጅ ብቻውን እንዳይቀዳም አልከለክልም። ምሳሌ ስትጽፊለት ግን «ሸሞንሟናዬ»ን ለብቻዋ አትስጪው። «ቸ በለው»ን አብረሽ ስጪው። ኃይሉ ድራመር ከጀርባው ሳይኖር ያችን ምት አኮርዲዮኑ ላይ ማስቀመጥ የቻለው ዓመታት ሙሉ ከድራመር ጋር ስለሠራ ነው። ምቷ ጆሮው ውስጥ ነበረች። ዛሬ መኝታ ቤቱ የሚቀዳው ልጅ ከየት ያመጣታል? ከበሮ መቺ እኮ ሩቅ አይደለም። ሰርግ ላይ አለ፣ በየባህል ቤቱ አለ። ለአንድ ዘፈን ይጥራው። ቀረጻው እንኳ ቢበላሽ ምቷ ጆሮው ውስጥ ትቀራለች።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለቅሽም። ሶፍትዌርሽ ሬ ፍላትን ዝቅ ያደርጋታል፤ ዝቅ የሚያደርጋት ግን በመጣች ቁጥር በአንድ ልክ ነው። ማሲንቆው ዜማው ሲወጣ አንድ ቦታ ያስቀምጣታል፣ ሲወርድ ሌላ ቦታ። ዘፋኙ ቃሉን ሲያስረዝም ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ትሄዳለች። እሱን ለሶፍትዌሩ ቁጥር ሰጥተሽ አትነግሪውም። በሚቀጥለው ሥራሽ ላይ ማሲንቆ ተጫዋቹ ከኪቦርዱ እኩል ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ እኩልም ይከፈለው። ከዚያ ሁለቱን ቅጂ ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።