ገለልተኛ የሆንነው ከማን ነው?

«መንፈሳዊ አንድነት አለን፤ አስተዳደራዊ አንድነት አያስፈልገንም።»

ይህን የተናገሩት እዚህ አሜሪካ እኔ የምሳተፍበት ደብር የቦርድ ሰብሳቢ ናቸው። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፦ ደብሩ «ገለልተኛ» ሆኖ ይቀጥል ወይስ በቅዱስ ሲኖዶስ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጳጳሳት የበላይ ጉባኤ ሥር ይግባ? ሰብሳቢው ይህችን ተናገሩ፤ ተጨበጨበ፤ እጅ ወጣ፤ ገለልተኝነቱ ጸደቀ። ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

እኔ ግን አባባሉን መዋጥ አልቻልኩም። የአንድ ደብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን እዚያው ተከራክሬ እተወው ነበር። በሰሜን አሜሪካም በአውሮፓም ይህንኑ ቃል ይዘው የተቀመጡ ደብሮች ግን ጥቂት አይደሉም። ቃሉ መንፈሳዊ ይመስላል። ለዚህም ነው ማንም ደፍሮ የማይነካው።

እስቲ መጀመሪያ «ገለልተኛ» ከሚለው እንነሣ። ገለልተኛ ከማንና ከማን? በ1984 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ በአዲስ አበባ ፓትርያርክ ሆነው ሲሾሙ፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ በሕይወት ነበሩ። ለስደትም ተዳረጉ። ከዚያ በኋላ የአገር ቤት ሲኖዶስ፣ የስደት ሲኖዶስ እየተባለ ቤተ ክርስቲያን ለሁለት ተከፈለች። ውግዘት ተለዋወጡ። መሐል ላይ የቀረው ምእመን «ከሁለቱም የለሁበትም» ቢል ያኔ ይገባኝ ነበር። ሁለት ወገን ነበረና።

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ላይ ግን እዚሁ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ዕርቅ ወረደ። ውግዘቱ ተነሣ። ሐምሌ 25 ቀን አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። የ4ኛው ፓትርያርክ የአቡነ መርቆሬዎስና የ6ኛው የአቡነ ማትያስ ስም በአንድ ቅዳሴ ላይ አብሮ ተጠራ። አቡነ መርቆሬዎስ የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም እንዲሁ ሆነ። ስንቱ ሽማግሌ ለዚያ ቀን ሲጸልይ ኖሮ ሳያየው አልፏል! እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች አንድ ከሆኑ፣ መሐል የሚባል ቦታ ከየት መጣ? የታረቁት ታርቀዋል። ያልታረቀው አስታራቂ ነኝ ሲል የነበረው ነው።

ለዚህ መልስ ሲጠፋ ነው «መንፈሳዊ አንድነት» የምትለዋ ቃል የመጣችው። ሰብሳቢው ኤፌሶን ምዕራፍ 4ን ጠቀሱ። «የመንፈስን አንድነት ለመጠበቅ ትጉ» ይላል አሉና እዚያው ላይ አቆሙ። ለምን አቆሙ? የሚቀጥለው ቁጥር እኮ «አንድ አካልና አንድ መንፈስ አለ» ነው የሚለው። አካሉን ከመንፈሱ ቀድሞ ነው የጠራው። ሐዋርያው በአካል ተለያይታችሁ በመንፈስ አንድ ሁኑ አላለም። ይህንኑ ሐሳብ የቆሮንቶስ ሰዎች ይዘውት ቢገኙ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» ለሚሉትም ጥሩ መደበቂያ ይሆናቸው ነበር። እሱ ግን «ክርስቶስ ተከፍሎአልን?» ብሎ ነው የጮኸባቸው።

ግን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከመከራከር ይልቅ ወደ ቅዳሴው እንሂድ። ቅዳሴ ላይ ሁላችንም አለን። ሰብሳቢውም አሉ፣ እጅ ያወጡትም አሉ፣ እኔም አለሁ።

ሁላችንም ቆመን «በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን» እንላለን። «አሐቲ» ነው የሚለው ጸሎተ ሃይማኖቱ። ቀጥሎ ዲያቆኑ ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር ጸልዩ፣ እርስ በርሳችሁ ተሳለሙ ብሎ ያዝዛል። ዞር ዞር ብለን ለጎረቤታችን ራሳችንን ዝቅ እናደርጋለን። ከዚያ ቅዳሴው ወደ ላይ ይወጣል። ዲያቆኑ «በእንተ ብፁዕ ወቅዱስ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት» ብሎ የሚጀምረው ቦታ ይደርሳል። እዚህ ላይ የፓትርያርኩና የሊቀ ጳጳሱ ስም ይጠራል። በመላው ዓለም በሲኖዶሱ ሥር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ይጠራል። በእኛ ደብር ግን ዲያቆኑ ስም ሳይጠራ ያልፋል። እንዲያልፍ ታዟል። ልጁ ምን ያድርግ? አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል። በዚያች ቅጽበት እኔ ሁልጊዜ ይጨንቀኛል።

ከዚያ ምን ይከተላል? ኅብስቱና ጽዋው በመንበሩ ላይ ሳሉ ካህኑ «ሀበነ ንኅበር በዘዚአከ መንፈስ ቅዱስ» ይላል። ሕዝቡ ተቀብሎ ይደግማል። በመንፈስ ቅዱስህ አንድ እንሆን ዘንድ ስጠን ነው። ልብ በሉ፤ ሰብሳቢው «አለን» ያሉትን መንፈሳዊ አንድነት ቤተ ክርስቲያን እዚህ ቦታ ላይ ገና ትለምነዋለች። ደግሞም በባዶ አየር ላይ አትለምንም። «ወፈውሰነ በዝንቱ ጵርስፎራ» ብላ ትቀጥላለች። በዚህ መሥዋዕት ፈውሰን። የመንፈስ አንድነትና የሚቆረሰው ኅብስት በአንድ ጸሎት ውስጥ፣ በአንድ ትንፋሽ ተይዘዋል። ማንም ለይቶ አንዱን ብቻ ሊወስድ አይችልም። ኅብስቱን የሚቆርሰው ካህን ሥልጣኑን ያገኘው ከጳጳስ እጅ ነው። የጳጳሱን ስም ከጸሎቱ አውጥቶ፣ ጳጳሱ የሰጠውን ክህነት ይዞ፣ «በመንፈስ አንድ አድርገን» ብሎ መጸለይ ምን ማለት ነው? እናቱን እወዳለሁ የሚል ልጅ ሰው ፊት ስሟን ለመጥራት እምቢ ቢል ፍቅሩን ማን ያምነዋል?

ወንጌልም ቢሆን ጌታ «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» ብሎ ሲጸልይ ምክንያቱን ተናግሯል፦ ዓለም ያምን ዘንድ። ዓለም የማያየውን አንድነት እንዴት አይቶ ያምናል? በልብ ውስጥ ብቻ ያለ አንድነት ለማን ነው የሚመሰክረው?

ክህነትን ካነሣሁ አይቀር ልጨምር። ደብራችን ውስጥ ያለው ታቦት በጳጳስ የተባረከ ነው። ልጆቻችን ሲጠመቁ የሚቀቡት ቅዱስ ቅባት፣ ሜሮኑ፣ በጳጳሳት ጸሎት የከበረ ነው። ካህናቱ የተሾሙት በጳጳሳት ነው። ሜሮን የሚያከብር ቦርድ የለም። ታቦት የሚባርክ መተዳደሪያ ደንብ የለም። የሚያስፈልገንን ሁሉ ከዚያ ስንቀበል አስተዳደሩ ትዝ አላለንም፤ ስም ጥሩ ሲባል ነው «አስተዳደር ነው፣ አያገባንም» የመጣው።

አባቶቻችን እንዲህ አላደረጉም። በ4ኛው መቶ ዘመን አባ ሰላማ፣ ያኔ ፍሬምናጦስ፣ አክሱም ላይ ክርስቲያኖች አሉ ብለው እስክንድርያ ድረስ ሄዱ። ቅዱስ አትናቴዎስን ጳጳስ ላክልን ብለው ለመኑ። ሹመቱን ራሳቸው ተቀብለው ተመለሱ። ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ ለምን አቋረጡ? ምእመኑ አለ፣ ጸሎቱ አለ፣ እምነቱ አለ። «ከእስክንድርያ ጋር በመንፈስ አንድ ነን» ብለው አክሱም ላይ መቀመጥ ይችሉ ነበር። አልተቀመጡም። ከእሳቸው በኋላም ይህ ሕዝብ 1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ሲያስመጣ ኖረ። ጳጳሱ ሲያርፉ እንደገና መልእክተኛ ይላካል፣ እንደገና ይጠበቃል። አንዳንዴ ዓመታት ያልፋሉ፤ ክህነት የሚሰጥ ይጠፋል። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ጳጳስ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ አይደለችም ብለው ስላመኑ ነው። እኛ ደግሞ ሊቀ ጳጳሱ በሚኖሩበት አገር፣ በመኪና ወይም በአውሮፕላን ሰዓታት ብቻ ርቀው ሳሉ፣ አያስፈልጉንም ብለን እጅ እናወጣለን።

«እነሱም እኮ በመጨረሻ ከእስክንድርያ ተላቀቁ» የሚለኝ ይኖራል። በጉባኤውም ተብሏል። አዎ፣ ግን እንዴት? በድርድርና በትዕግሥት ነው። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጵጵስናን፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክነትን የተቀበሉት ከዚያው ከእስክንድርያ መንበር እጅ ነው። በአዳራሽ እጅ ተቆጥሮ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ማስፈራሪያ እንምጣ። «ሲኖዶሱ ፖለቲካ ውስጥ ነው፤ ደግሞም በየዓመቱ ይከፈላል» ይባላል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ወሊሶ ላይ 3 ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶሱ ፈቃድ 26 ሰዎችን ኤጲስ ቆጶስ ብለው ሾሙ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የትግራይ አባቶች በአክሱም ያካሄዱት ሹመት መጣ እየተባለ ይቆጠርልናል። የትግራይ ምእመናን በጦርነቱ ጊዜ አባቶቻችን ድምፃችን አልሆኑም ማለታቸው እውነተኛ ቁስል ነው፤ ይህን አልክድም። በየሀገረ ስብከቱ ሙስናና የዘር አሠራር እንዳለም ማንም የሚያውቀው ነው። ነገር ግን ይህ ለገለልተኝነት ማስረጃ አይሆንም። የተቃራኒው ማስረጃ ነው። ሁሉም መከፋፈል የሚጀምረው «እኛ በራሳችን እንችላለን» ከሚል ጉባኤ ነው። የእኛ ደብር ትንሽ ስለሆነና ዜና ስለማይሠራበት ከዚያ የተለየ መስሎናል። አይለይም። አንድ ደብር ብቻውን ሲቆም ቢያምርበት፣ አንድ ክልል ብቻውን ሲቆም በምን አፋችን እንቃወማለን?

ደግሞ በ2015ቱ ያደረግነውን ረሳነው እንዴ? ቅዱስ ሲኖዶስ የወሊሶውን ሹመት በመቃወም በጾመ ነነዌ ጥቁር ልበሱ ሲል፣ ገለልተኛው ደብራችን ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ለብሶ መጣ። ቦርዱም ለብሷል። አዛውንቶች አለቀሱ። ወጣቶች በየቴሌግራሙ የሲኖዶሱን መግለጫ ሲቀባበሉ አደሩ። የካቲት 8 ቀን ስምምነት ተደረሰ ሲባል እልል ተባለ። ያን ጊዜ ከማን ነበር ገለልተኛ የሆንነው? በዚያ ሳምንት ማንም «አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው» አላለም። ምእመኑ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል። ግራ ያጋባው ቦርዱ ነው።

ስለ ገንዘብና ስለ ሕንፃ ረጅም ነገር አልጽፍም። በጉባኤው ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ ያለቀው በዚያ ላይ ነው። ሕንፃውን ይወስዱብናል፣ ከገቢያችን ፐርሰንት ይጠይቁናል ተባለ። ሕንፃው በደብሩ ስም በሕግ ተመዝግቧል፤ ጠበቃ ጠይቆ፣ ተፈራርሞ መግባት ይቻላል። ፐርሰንቱም ቢሆን ተነጋግሮ የሚወሰን ነው። የቤት ብድር የሚከፍሉበትን ወረቀት በአንድ ዓይን የሚያነቡ ሰዎች በዚህ የሚቸገሩ አይመስለኝም። ዋናው ፍርሃት ይህ ከሆነ ግን በግልጽ ገንዘብ ነው ይባል። የመንፈስ ቅዱስን ስም አናንሣበት።

ልጆቹ ላይ ግን ልቆይ። በእኛ ከተማ ጥምቀት በተለያየ ፓርክ፣ በተለያየ ሰዓት ይከበራል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች በትምህርት ቤት አንድ ክፍል ይማራሉ፤ ለጥምቀት ግን አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። «ለምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ስለ 1984 ዓ.ም. ስንነግራቸው ታርቀዋል አላላችሁም ወይ ይሉናል። ከዚያ በኋላ የምንሰጠው መልስ የለንም። መልስ ያጣ ልጅ በ18 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁለቱንም ደብር ይተወዋል። እነዚህን ልጆች ያራቃቸው የአሜሪካ ሕይወት ነው እያልን ራሳችንን እናጽናናለን። እኔ አላምንም። ያራቃቸው የእኛ ጠብ ነው፤ ያውም የሌለ ጠብ።

ካህናቱ በዚያ ጉባኤ ላይ አልተጠየቁም። ይህ ከሁሉም የባሰው ነገር ነው። ቀዳስያኑ ወንበር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ በቅዳሴው የማን ስም እንደሚጠራ ቦርድ ወሰነላቸው። በቃለ ዓዋዲው፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ የሰበካ ጉባኤ ደንብ መሠረት፣ ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ካህናትም ምእመናንም ወጣቶችም አብረው ይቀመጣሉ። በእኛ ደንብ ግን ድምፅ ያለው ወርኃዊ ክፍያ የከፈለ ነው። ክህነት ድምፅ የለውም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ቦርዱ ጠቅላላ ጉባኤውን ከዐቢይ ጾም በፊት ዳግመኛ ይጥራ። የሕንፃውና የፐርሰንቱ ጉዳይ ለብቻው ይቆይ፤ ኮሚቴ ይያዘው፣ ጊዜ ይውሰድ። ለጉባኤው የሚቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፦ በቅዳሴያችን የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስና የሊቀ ጳጳሳችን ስም ይጠራ ወይስ አይጠራ? ከድምፁ በፊትም የደብሩ አስተዳዳሪ ካህናችን ቆመው፣ በካህናቱ ሁሉ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ላይ ምን እንደምታስተምር ለጉባኤው ይናገሩ።