ኮሌታው ላይ ያለ ስም

ቅዳሜ ጠዋት የየካ አባዶ ብርድ አይጣል ነው። ኮንዶሚኒየሙ መግቢያ ላይ ሸራ ዘርግቶ ሳልባጅ የሚሸጥ ልጅ አለ። ከሸራው ሦስት እርምጃ አለፍ ብሎ ጀበና ቡና ይፈላል። ከቡናው አጠገብ ደግሞ የአንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ማሽን አለ። ሦስቱም ተደጋግፈው ነው የሚኖሩት። ከልጁ የተገዛ ሱሪ ለማሳጠር ወደ ሰፊው ይሄዳል፤ እስኪያጥር ድረስ ባለቤቱ ቡና ይጠጣል። እኔም ያን ዕለት ሱሪዬን እየጠበቅሁ ነበር።

ልጁ ሌሊቱን ቦንዳ ሲፈታ ነው ያደረው። የጂንስ ጃኬት ታቅፎ እየሮጠ መጣ።

«እስቲ ይቺን እዩልኝ!» ብሎ ኮሌታውን ገለበጠው። በማይለቅ ጥቁር ቀለም፣ በእንግሊዝኛ፣ «ማርሌ» ተብሎ ተጽፏል።

«እና ምን ይሁን?» አለች ቡና የምታፈላው።

«እናማ ቦብ ማርሌ ነዋ! ሰውየው እኮ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቷል።»

መምጣቱስ እውነት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. መጥቶ ሻሸመኔን አይቶ ሄዷል። 60ኛ ዓመት ልደቱም በ1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ በትልቅ ኮንሰርት ተከብሯል። ልጁ ያኔ ጡት አልጣለም፤ ታሪኩን ግን ከእኛ በላይ ያውቃል።

«ስንት ልትለው ነው?» አልኩት።

«ስድስት ሺህ። ለማያውቁኝ አሥር።»

ትናንት ቢሆን 1,200 ብር ነበር የሚለው።

ባንክ የምትሠራ ጎረቤታችን ልጁን ደገፈችው። አሜሪካ ውስጥ የሆነ ታሪክ አመጣች። በ2014 እ.ኤ.አ. ባልና ሚስት ኖርዝ ካሮላይና አሽቪል ከተማ፣ አሮጌ ልብስ በሚሸጥ የበጎ አድራጎት ሱቅ አንድ ሹራብ ገዙ። ዋጋው 58 ሳንቲም። የዶላር ሳንቲም ቢሆንም ሳንቲም ነው። ውስጡ «ሎምባርዲ» የሚል ስም ተሰፍቷል። ባልና ሚስቱ ነገሬም አላሉት። በኋላ ቴሌቪዥን ላይ ስለ ቪንስ ሎምባርዲ ዘጋቢ ፊልም ሲያዩ ሰውየው ያንኑ የመሰለ ሹራብ ለብሶ በፎቶ ብቅ አለ። የአሜሪካ ፉትቦል ፍጻሜ የሆነው የሱፐር ቦውል ዋንጫ በስሙ የሚጠራው አሠልጣኝ ማለት ነው። በዓመቱ ሹራቡ በጨረታ 43,020 ዶላር ተሸጠ።

«ሰማችሁ?» አለ ልጁ። ስድስት ሺሁን አሥራ አምስት ሺህ ሊያደርገው እንደሆነ ፊቱ ላይ ይነበባል።

አዛውንቱ ማሽናቸውን አቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ልብስ አንተ ሸራ ላይ እስኪደርስ ስንት ወንፊት እንዳለፈ ታውቃለህ?»

ሰውየው ወጣት ሳሉ ድሬዳዋ ከልባሽ ነጋዴ ጋር ሠርተዋል። ስለዚህ ሲናገሩ ዝም ብለን እናዳምጣለን። ፈረንጅ የጠላውን ልብስ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ይሰጣል። ሱቁ ጥሩ ጥሩውን እዚያው ይሸጣል። ያልተሸጠው በኪሎ ለመራጭ ድርጅት ይሄዳል። እዚያ ሠራተኞች ቆመው እያንዳንዱን ልብስ ያዩታል፤ የድሮ ጂንስ ወይም የድሮ የባንድ ቲሸርት ካገኙ ለብቻው ያወጡታል። አሮጌ ልብስ በውድ የሚገዙ ነጋዴዎች እዚያው ደጅ ላይ ናቸው። ከዚያ የተረፈው በዓይነት በዓይነቱ ተለይቶ፣ በማሽን ተጠቅጥቆ፣ 45 ኪሎ ምናምን እየመዘነ ቦንዳ ይሆናል።

«እዚህ ደግሞ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በየት በየት ዞሮ እንደመጣ አንተም አታውቅም፤ የሸጠልህም አይነግርህም።»

«ጋሼ፣ ያ ሹራብስ ወንፊቱን አላለፈም?»

«እሱማ የተገኘው መጀመሪያው ወንፊት ላይ ነው። አንተ ያለኸው መጨረሻው ላይ።»

ቀጥለው መነጽራቸውን አደረጉና ጃኬቱን መመርመር ጀመሩ። ሊቫይስ ነው። ደረት ኪሱ ላይ ቀይዋ ትንሽ ጨርቅ አለች። ይቺን ነገር እኔም ያን ቀን ነው የተማርኩት፦ ከ1971 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ሊቫይስ ላይ ስሙ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ ከዚያ ወዲህ «ኢ» ትንሽ ሆናለች። የልጁ ጃኬት ላይ ትንሽ ናት።

«ማርሌ የሞተው በ1981 ነው» አለ ልጁ ፈጠን ብሎ። «አሥር ዓመት ይቀራል።»

ሒሳቡ ትክክል ነው። አዛውንቱ ምንም አላሉም። የውስጡን የጎን ስፌት ገልጠው የአስተጣጠቡ መመሪያ ያለበትን ነጭ ጨርቅ አወጡ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ መመሪያ ግዴታ የሆነው ከ1972 ጀምሮ ነው አሉን። እስከዚህ ድረስ ልጁ አልፏል። ጨርቁን ወደ ባንክ ሠራተኛዋ አዙረው «አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ ከታች ያለውን አንብቢልኝ» አሏት።

አነበበችና በሳቅ ፈረሰች። የኢንተርኔት አድራሻ ነው። ዳብሊው ዳብሊው ዳብሊው።

ልጁ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «የልጁ ሊሆን ይችላላ! ልጆቹም እኮ ዘፋኞች ናቸው፤ እነሱም ማርሌ ናቸው» አለ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አደነቅኩት።

የሚኒባስ ረዳቱ ቡናውን እየጠጣ ሲስቅ ቆይቶ የራሱን ጨመረ። አንድ ሰው አበበ ቢቂላ ሮም ላይ የሮጠበትን ጫማ ሊሸጥለት ሞክሮ ነበር አለ። እንደ ጉድ ተሳቀ። አበበ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው። ጫማ ያደረገው ቶኪዮ ላይ ነው። ረዳቱ ይሄን ያወራን እውነት ገጥሞት ይሁን ፈጥሮት አላውቅም፤ ጥሩ ነው ግን።

ባንክ ሠራተኛዋ ግን ነገሩን ለመተው አልፈለገችም። «ሰው እኮ ጨርቁን አይደለም የሚገዛው» አለች። ከርት ኮቤይን የሚባል የሮክ ዘፋኝ በ1993 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ሲዘፍን የለበሰው አረንጓዴ ሹራብ በ2019 በ334,000 ዶላር ተሽጧል። ሲጋራ ያቃጠለው ቦታ አለው፣ አንድ ቁልፍ ወልቋል፣ እሱ ከለበሰው በኋላ ታጥቦም አያውቅ።

«ያልታጠበ?» ቡና የምታፈላው ሲኒዋን አስቀመጠች። «ያልታጠበ ሹራብ? በዚያ ሁሉ ብር? ወይ አምላኬ።»

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ከልጁ እጅ ወጣ። የታሪክ መምህሩ፣ እስካሁን ስልኩ ላይ ያቀረቀረው፣ ቀና አለ። «የታዋቂ ሰው ልብስ ጨረታ እኛም አገር ተደርጓል» አለ። «ያውም በእኛው ሰው ልብስ።»

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከሞቱ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የዘረፈውን ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ ዘርግቶ ሁለት ቀን ሙሉ በጨረታ ሸጠ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎ ነበር ይባላል። መስቀሉ፣ ብራናው፣ ልብሱ፣ ሁሉም። ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ጥልፍ ቀሚስ ዛሬም ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። እቴጌዋ ራሳቸው ከመቅደላ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ነው የሞቱት።

ማንም አልሳቀም።

መምህሩ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። «እነሱ ዘርፈውም ቢሆን አስቀመጡ። እኛ የራሳችንን እንኳን አናስቀምጥም። ስንት ድምፃዊ፣ ስንት ሯጭ፣ ስንት ደራሲ ሞተ? ኮታቸው የት አለ? ስድስት ኪሎ ሙዚየም የጃንሆይ መኝታ ክፍል አለ፤ የሌላውስ?»

«የሟች ልብስ ቤት ውስጥ ይቀመጣል እንዴ?» አለች ቡና የምታፈላው። «ለነዳያን ይሰጣል እንጂ። ለነፍሱ ነው።»

«ለነፍሱ አንዱን ስጪ፣ አንዱን አስቀምጪ።»

«ሰው እየበረደው አንተ ሙዚየም ትላለህ?»

«እትዬ፣ ታሪክ እኮ ነው!»

«ብርድም ታሪክ ነው፤ ና እዚህ ማለዳ ቁም።»

እንዲህ እየተባባሉ የኔ ሱሪ አለቀ። እኔ ግን አልተነሳሁም።

የኔን ልናገር። በጃኬቱ ጉዳይ አዛውንቱ ልክ ናቸው፤ ዳብሊው ዳብሊው ባይኖር እንኳ ልክ ነበሩ። ሰው ኮሌታው ላይ ስሙን የሚጽፈው ልብሱ ከሌላ ሰው ልብስ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ካምፕ፣ ሆስፒታል፣ የጋራ እጥበት። ስለዚህ ስም ብቻውን የአንድ ተማሪ ይሁን የአንድ ንጉሥ አይነግርህም። የሎምባርዲን ሹራብ ያስወደደው ስሙ ብቻ አይደለም፤ ፎቶው ነው፣ መርምረው ያረጋገጡት ሰዎች ናቸው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሄደ መናገር መቻሉ ነው። ቦንዳ ደግሞ ይሄንኑ ክር የሚበጥስ ነገር ነው። ጋናዎች ልባሽ ጨርቅን «የሞተ ነጭ ሰው ልብስ» ይሉታል። የትኛው ነጭ ተብሎ አይጠየቅም።

በመምህሩና በቡናዋ ባለቤት ክርክር ግን ያደላሁት ወደ እሷ ነው። አባቴ ሲሞት ካፖርቱን በ40ው ሰጥተናል። ከጊዜ በኋላ ካራ አካባቢ አንድ ሰውዬ ለብሶት ያየሁ መሰለኝ። ግራ እጁ ላይ እናቴ የጣፈችው ቦታ ያለ መሰለኝ። ተጠግቼ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። ብጠይቀው ኖሮ ካፖርቱ ተመልሶ የአባቴ ሊሆን ነው፤ ሰውየውም የሰው ልብስ የለበሰ ሊሆን ነው። የሰጠነው እኮ ስሙ እንዲጠፋ ጭምር ነው። የእቴጌዋ ቀሚስ ስሙ ያልጠፋው ማንም ስላልሰጠው ነው። የወሰዱት ሰዎች የማን እንደነበረ ይዘው ነው የሄዱት። መምህሩ ሁለቱን አንድ ላይ መስቀሉ አልተዋጠልኝም።

አንድ ነገር ግን እቀበለዋለሁ። የአባቴ አንድ ክራቫት ቢቀር ኖሮ፣ «በዚህ ቀን፣ እዚህ ቦታ አሰረው» የሚል ወረቀት ተሰፍቶበት፣ ማንንም አይበርደውም ነበር። ክራቫት አያሞቅም።

ጃኬቱ እስከ ረፋድ ድረስ አልተሸጠም። ብርዱ ሲጠናብኝ አነሳሁትና ለካሁት፤ ልክ ነው።

«1,200» አልኩ።

«1,400 አድርገው።»

«200ው ደግሞ የምን ነው?»

«የስሙ።»

ከፈልኩ።