ከ99 ዓመቱ ስንቱ ቀረ?
«የውጭ ዜጋም ሞምባሳ ባሕር ዳር ቤት ገዝቶ የዘላለም ባለቤት መሆን ይችላል» ተብሎ ስለ ኬንያ ቤት ግዢ በወጣ ጽሑፍ ላይ የሰፈረው ስህተት ነው፤ ሰው ገንዘቡን ሳይከፍል በፊት ይታረም። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 ዜጋ ላልሆነ ሰው መሬት የሚፈቅደው በሊዝ ብቻ ነው፣ እሱም ቢበዛ 99 ዓመት። ውሉ ላይ «ፍሪሆልድ» (የጊዜ ገደብ የሌለው ባለቤትነት) ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ሕጉ የሚቆጥረው እንደ 99 ዓመት ሊዝ ነው። በጽሑፉ ሥር አስተያየት ስትሰጥ «ኩባንያ አቋቁሞ በስሙ መግዛት ነው» ላልከው ወንድሜ፦ ድርጅት እንደ ዜጋ የሚታየው ሙሉ በሙሉ በኬንያውያን ሲያዝ ነው፤ አንዲት አክሲዮን በእጅህ ካለች አይሆንም። ይህን ያወቅኩት በአክስቴ ልጅ ነው። ዱባይ ስንት ዓመት ለፍቶ ያጠራቀመውን ይዞ ሞምባሳ፣ ኒያሊ ሰፈር ላለ አፓርታማ ቀብድ ከፈለ። ሰነዱን በቴሌግራም ላከልኝና እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬን እያጎላሁ ገጽ በገጽ አየሁት። ሊዙ የጀመረው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው! የቀረው 50 ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ደላላው ግን «99 ዓመት» እያለ ነበር የሸጠለት። እኛ አገርም የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ስለሆነ ቁጥሩን ስንሰማ አንደነግጥም፣ መነሻ ቀኑን ማየት ግን እንረሳለን። ከቀብድ በፊት በራሳችሁ ጠበቃ (በሻጩ ጠበቃ አይደለም) የመሬት መዝገቡን አስፈትሹ። የአክስቴን ልጅ ቀብድ እስከ ዛሬ አልመለሱለትም፤ እናቱ ደግሞ ቤት ገዝቷል ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች።