ሶፊያ ሎረንን በሚያዝያ 27 ሰሞን እንያት

የጣሊያናዊቷ የፊልም ተዋናይት የሶፊያ ሎረን ስም ሲነሳ ወሬው ወዲያው ወደ ቁንጅና ይዞራል። ስለ ዓይኗ፣ ስለ ወገቧ፣ ስለ ቀሚሷ። የድሮ ፎቶዋ ፌስቡክ ላይ በተለጠፈ ቁጥር ከሥር የሚጻፈውም ይኸው ነው። ቆንጆ መሆኗን ማን ይክዳል? እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከሠራቻቸው ፊልሞች ሁሉ የበለጠው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም በጣም የሚቀርበው፣ ቁንጅናዋን አውልቃ የገባችበት «ልዩ ቀን» የሚባለው ፊልም ነው። ስለ እሱ ሲወራ የምሰማው ከስንት አንዴ ነው።

አስቀድሜ ከየት እንደመጣች ልበል። የእኛን ነው ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1934 ሮም ውስጥ ተወለደች። እናቷ ሮሚልዳ ቪላኒ ፒያኖ ትጫወት ነበር። በወጣትነቷ ግሬታ ጋርቦን የሚመስሉ ሴቶች ተወዳድረው እሷ አሸነፈች፣ ሆሊውድ የመሄድ ዕድልም ወጣላት። ወላጆቿ ግን ከለከሏት። የሶፊያ አባት ለልጁ ስሙን ሰጠ እንጂ እናቲቱን አላገባም። እናት ልጇን ይዛ ናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ፖትዙዎሊ፣ ወላጆቿ ቤት ገባች። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማዋ ወደብ ናትና ቦምብ ይዘንብባታል። ሰዉ ሌሊቱን የሚያድረው ባቡር ዋሻ ውስጥ ነበር። አንድ ጊዜ ሶፊያ ወደ መሸሸጊያው ስትሮጥ ፍንጣሪ አገጯን አቆሰላት። ረሃቡ ደግሞ አለ። ከቅጥነቷ የተነሳ የትምህርት ቤት ልጆች ስቴኪኒ ይሏት ነበር።

ታናሽ እህቷ ማሪያ ከሶፊያም የባሰ ዕጣ ነው የደረሳት። አባትየው ስሙን እንኳ ነፈጋት። በዚያ ዘመን ያለ አባት ስም ትምህርት ቤት መግባት ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ እኛ አገርም የሚያውቅ ያውቀዋል። ሶፊያ ፊልም መሥራት ስትጀምር ካገኘችው ገንዘብ ለአባቷ ከፍላ ነው ለማሪያ ስሙን ያስገኘችላት። አባት የገዛ ስሙን ለገዛ ልጁ ሸጠ ማለት ነው። ስለ ሶፊያ ካነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ይህ ነው። ማሪያን ግን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የቁንጅና ውድድር፣ ሮም፣ በጅምላ ትዕይንቶች ውስጥ መቆም፣ ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ካርሎ ፖንቲ። ካሜራ የያዙት ሰዎች አፍንጫዋ ረዘመ፣ ዳሌዋ ሰፋ አሉ። ፖንቲም ትንሽ ብታስተካክይውስ አላት። እምቢ አለች። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች፣ እናትና እህቷን በእሷ ገቢ የምታኖር ልጅ ናት። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ችግር፣ ለዚያ ሰው እምቢ ማለት ቀላል አይደለም።

በ1953 የእኛም ስም ተነሳ። ከቬርዲ ኦፔራ በተሠራው ፊልም አይዳን፣ ግብፅ ውስጥ በባርነት የተያዘችውን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ሆና ተወነች። ፊቷን ጠቆር ያለ ቀለም ቀቡት። የሚዘፈነው ድምፅ የሬናታ ቴባልዲ ነው፣ ሶፊያ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ኢትዮጵያ ከፋሺስት ወረራ ነጻ ከወጣች ገና 12 ዓመቷ ነበር። ለእኔ ማየቱ ይከብደኛል። ሥራ ፈላጊዋን ልጅ ለብቻዋ አልወቅስም፣ ዘመኑ እንዲያ ነበር። ዘመኑ እንዲያ ስለነበር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

በ1960 ዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ላ ቾቻራ»ን ሠራ። በመጀመሪያው ሐሳብ እናቲቱን የምትሠራው ታላቋ አና ማኛኒ ነበረች፣ ሶፊያ ልጅቱን። ማኛኒ ሳትስማማ ቀረች። ሶፊያ በ25 ዓመቷ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ያላት እናት ሆነች። ሮም ላይ ሱቅ ያላት ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ቦምቡን ሸሽታ ልጇን ይዛ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ትሄዳለች። ጦርነቱ አለቀ በተባለ ሰዓት፣ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እናትና ልጅ በወታደሮች ይደፈራሉ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ መኮንኖች የጫነች ጂፕ ስታይ ትጮኽባቸዋለች። አይሰሟትም። ድንጋይ አንስታ ትወረውራለች፣ አፈር ላይ ተንበርክካም ታለቅሳለች። እዚያ ጋ ትወና የሚባል ነገር አይታየኝም። ፖትዙዎሊን ነው የሚታየኝ። የኦስካር ሽልማቱ በ1962 ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፣ ሮም ቤቷ ሆና ስትጠብቅ አደረች። በእንግሊዝኛ ባልሆነ ፊልም በምርጥ ተዋናይትነት ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ከፖንቲ ጋር የነበራት ጋብቻ ብዙ ቀለም ፈሶበታል። ሰውየው ባለ ትዳር ነበር፣ ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ያኔ ፍቺ የሚፈቅድ ሕግ የለም። በ1957 ሜክሲኮ ላይ በወኪል ተጋቡ፣ አገራቸው በሁለት ሚስት ክስ አሳደደቻቸው፣ በመጨረሻ የፈረንሳይ ዜግነት ወስደው በ1966 እንደገና ተጋቡ። እሱ በ2007 እስኪሞት አብረው ኖሩ። ስለዚህ ይበቃል።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ። በ1977 ዳይሬክተር ኤቶሬ ስኮላ «ልዩ ቀን»ን ሠራ። ቀኑ ሜይ 6 ቀን 1938 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ቀን 1930 ዓ.ም.። ሂትለር ሮምን እየጎበኘ ነው፣ ከተማው በሙሉ ለሰልፍ ወጥቷል። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀኑ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር። ያን ቀን ከሂትለር ጎን የነበረው የጣሊያን ንጉሥ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ የሚጠራ ሰው ነበር።

ካሜራው ግን ወደ ሰልፉ አይሄድም። አንድ ትልቅ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ይቀራል። ሶፊያ አንቶኔታ ናት፣ የስድስት ልጆች እናት። ንጋት ላይ ልጆቿንና ባሏን ትቀሰቅሳለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ዩኒፎርማቸውን ታለብሳለች፣ ትሸኛለች። እሷ ከሳህኑ ጋር ትቀራለች። ፊቷ የነጣ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ የለበሰችው የወየበ የቤት ቀሚስ፣ ስቶኪንጓ የተተረተረ። ያቺ ዓለም የተንጫጫላት ሴት ናት። ከጊቢው የሬዲዮ ጩኸት ቀኑን ሙሉ አያቋርጥም፣ ወታደራዊ መዝሙርና የሕዝብ እልልታ።

አንቶኔታ ሙሶሊኒን ትወዳለች። ይህ ነው ፊልሙን ከባድ የሚያደርገው። የሱን ፎቶዎችና ንግግሮች ሰብስባ አልበም ሠርታለች፣ ምስሉን በልብስ ቁልፎች ሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላለች። አልበሙ ውስጥ የላቀ አእምሮ የወንድ ብቻ ነው የሚል አባባል አለ። እሷው በእጇ ለጥፋዋለች። ወፏ አምልጣ ጎረቤት ገብታ በዚያ ሰበብ የምትተዋወቀው ጋብሪዬሌ፣ ማርቼሎ ማስትሮያኒ ማለት ነው፣ በዚህ ትስማሚያለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት ነው ምናልባት መጀመሪያ ያሰበችበት። ጋብሪዬሌ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነበር። የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነህ ተብሎ ከሥራ ተባሯል፣ ማታውኑ ወደ ሰርዲኒያ ሊያግዙት ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱ የተገለሉ ሰዎች ይተያያሉ። ልብስ ማስጫው ጣሪያ ላይ፣ በአንሶላዎቹ መካከል፣ ይጣላሉም ይታረቃሉም። ባሏ የተማረች ውሽማ እንዳለችውና ያልተማረች ሴትን ሰው እንዳሻው እንደሚያደርጋት የምትናገርበትን ጊዜ ልብ ብላችሁ ስሙ። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም።

ባልየው ማታ ከሰልፉ ተመልሶ ሰባተኛ ልጅ እንውለድና አዶልፎ እንበለው ይላል።

ማሪያን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሶፊያ ስም የገዛችላት እህቷ በ1962 ያገባችው ሮማኖ ሙሶሊኒን፣ የአምባገነኑን ልጅ፣ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን ነው። ልጃቸው አሌሳንድራ፣ በኋላ የቀኝ ክንፍ ፖለቲከኛ የሆነችው፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ከአንቶኔታ ልጆች አንዷ ሆና ትታያለች። የሙሶሊኒ የልጅ ልጅ፣ ፋሺዝም ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በሚያሳይ ፊልም ውስጥ። ሶፊያ የእህቷን ትዳር እያወቀች፣ የእህቷን ልጅ አጠገቧ አድርጋ፣ አንቶኔታን እንዲህ አድርጋ መሥራቷን ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህም አላቆመችም። በ2020 በወጣው ልጇ ኤዶአርዶ ባዘጋጀው ፊልም ሴኔጋላዊ ወላጅ አልባ ልጅ የምታሳድግ፣ ከናዚ ካምፕ የተረፈች አሮጊት ሆናለች። በዓመቱ የጣሊያኑን ዳቪድ ዲ ዶናቴሎ በ86 ዓመቷ ወሰደች።

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲመጣ አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥኖቻችን የለመድነውን የማኅደር ምስል ያሳያሉ። ደግ ነው፣ ይቀጥል። እዚህ የተፈጸመውን ከአያቶቻችን ሰምተነዋል። ያን ጦር የላኩት ቤቶች ውስጥ፣ ወጥ ቤት ቆማ ለመሪው የምታጨበጭብ ሴት ምን ትመስል እንደነበር ግን አላየንም። «ልዩ ቀን» ከሁለት ሰዓት ያነሰ ፊልም ነው። የጣሊያን ባህል ማዕከልም ሆነ ከጣቢያዎቻችን አንዱ የአማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ አስገብቶ በዚያ ሰሞን ቢያሳየን፣ ከዚያም የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንን ጋብዞ ቢያወያየን፣ ከወጪው ይልቅ የሚቸግረው አስቦ መጀመሩ ነው።