በርሊን ላይ ስምህ የት ተለጥፏል?

ለትምህርት ወደ ጀርመን የሚሄድ ልጅ ሲሸኝ ምክሩ ያው ነው። ብርዱን ቻል፣ ቋንቋውን ቶሎ ያዝ፣ በርታ። እኔ ብሸኝ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አድራሻ አለህ?

ለቪዛው 11,904 ዩሮ ልጆቹ "ብሎክድ አካውንት" በሚሉት ዝግ ሒሳብ ታስገባለህ። ከራስህ ገንዘብ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። የበርሊን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ለአብዛኛው ትምህርት አያስከፍሉም። ሲሰሙት ያለቀ ነገር ይመስላል።

ጣጣው ከአውሮፕላን ከወረድክ በኋላ ነው። ቤት በገባህ በ14 ቀን ውስጥ ቡርገርአምት፣ በኛ አባባል ቀበሌ፣ ሄደህ መመዝገብ አለብህ። አንሜልዱንግ ይሉታል። ለዚህ ደግሞ ቤቱን የሰጠህ ሰው "እኔ ዘንድ ገብቷል" ብሎ የፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል። ካልተመዘገብክ የግብር ቁጥርህ በፖስታ አይመጣም። ቁጥሩ ከሌለህ ሥራ ብታገኝም አሠሪህ በከፍተኛው ደረጃ ግብር ሊቆርጥብህ ይችላል። የዶርም ወረፋው? እሱን ተወው።

የመጀመሪያ ክፍሌን ያገኘሁት በአንድ የአገር ልጅ በኩል ነበር። "ክፍሉ አለ፣ አንሜልዱንግ ግን የለም" አለኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ገባሁ። በርሊን ብዙ ሕንፃ ውስጥ የየቤቱ በር ቁጥር የለውም፤ ፖስተኛው የሚፈልገው ስም ነው። የፖስታ ሳጥኑ ላይ ያለው ስም የሌላ ሰው ነበር። የባንክ ካርዴ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ፖስታው ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ደግሞ የአባቴ ስም ነው። አባቴ ከአገሩ ወጥቶ አያውቅም፤ በርሊን ላይ ግን ቤት አጥቶ የሚንከራተተው እሱ ይመስል ነበር።

የጀርመን ቢሮክራሲ ያናድደኛል እንጂ አያሳፍረኝም። የሚያሳፍረኝ የኛ ሰው ነው። ሙሉ ኪራይ እየተቀበለ ወረቀቱን የሚከለክል አለ። ባዶ አድራሻ የሚሸጥም አለ። ያልኖሩበት ቤት መመዝገብ በሕግ ያስቀጣል፤ ቅጣቱ ደግሞ ለገዢውም ይተርፋል። ልጁ ይህን የሚያውቀው ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው።

አውቃለሁ፣ ተከራይ ሆነህ ሌላ ሰው ለማስገባት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰው የሚፈራውም ይህንን ነው። ግን እኮ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ነው! በየበዓሉ ዶሮ ወጥ ሠርተን ተማሪ የምንጠራ ሰዎች ለአንዲት ፊርማ ለምን እንሰስታለን?

አሁን ያለሁበት ቤት ሳጥን ላይ ሦስት ስም አለ። አንዱ ባለፈው ጥቅምት የመጣ ልጅ ነው። ባለቤቱን ጠይቀን አስፈቀድን። ልጁ ያባቱን ስም በእስክሪብቶ ጽፎ በፕላስተር ለጠፈው፣ ትንሽ ተንጋዷል። የግብር ቁጥሩ በሦስተኛው ሳምንት መጣ።