ላ ግሬንጅ ሄዶ ሐውልቱን ብቻ አይቶ መመለስ አይበቃም

በቴክሳስ ግዛት ከላ ግሬንጅ ከተማ በስተደቡብ፣ ከኮሎራዶ ወንዝ 60 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በገደሉ አፋፍ ላይ ሞኒውመንት ሂል የሚባል፣ ከሜክሲኮ ጋር ሲዋጉ የሞቱ የቴክሳስ ሰዎች የተቀበሩበት የመታሰቢያ ስፍራ አለ። ብዙ ሰው በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከቆመው 14.6 ሜትር ሐውልት ሥር ፎቶ ይነሣና ወንዙን ቁልቁል ተመልክቶ ይመለሳል። እዚያው ቅጥር ውስጥ፣ በሸለቆው ውስጥ የሚገኘውን የክራይሽ ቢራ መጥመቂያ ፍርስራሽ ሳያይ መሄዱ ያስቆጫል። የመቃብሩ ታሪክ ያለ መጥመቂያው ጎዶሎ ነው።

በመቃብሩ በሁለት የተለያዩ ጊዜያት የሞቱ ሰዎች አርፈዋል። አንዶቹ በሴፕቴምበር 1842 ሳን አንቶኒዮ አጠገብ በሜክሲኮ ጦር ተከበው ያለቁት የካፒቴን ዶውሰን ሰዎች ናቸው። ሌሎቹ የሚየር ዘመቻ፣ ማለትም ቴክሳሳውያን በሜክሲኮዋ ሚየር ከተማ ላይ ያደረጉት ጥቃት፣ እስረኞች ናቸው። እነዚህ አምልጠው ሲያዙ ከአሥሩ አንዱ እንዲገደል ተፈረደባቸው። 159 ነጭና 17 ጥቁር ቦሎቄ ከያዘ ማሰሮ እያንዳንዱ እጁን ሰዶ አንዳንድ ፍሬ አወጣ፤ ጥቁር የደረሳቸው 17ቱ በማርች 25 ቀን 1843 ተረሸኑ። የሁሉም አጽም በ1848 እዚህ በአንድነት ተቀበረ።

በዓመቱ ሄንሪክ ክራይሽ የተባለ ጀርመናዊ ድንጋይ ጠራቢ መሬቱን ከነመቃብሩ ገዛ። መንግሥት የመቃብሩን ቦታ የያዘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለሆነ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የጀግኖቹ ማረፊያ የቆየው በአንድ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው። መጥመቂያ ከመቃብር ጎን መኖሩ ነውር የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደግ ነበር።

ክራይሽ በ1860ዎቹ የገነባውን መጥመቂያ ከላይ ወደ ታች ማየት ይሻላል፤ ሥራው የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ነበርና። የምንጩ ውኃ ቁልቁለቱን ተከትሎ ያለ ፓምፕ ይወርድ ነበር። ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ወደ ኮረብታው ተጠግቶ የተሠራው ለቅዝቃዜ ነው። የብቅሉ ጭማቂ ከሆፕስ (ቢራውን ከሚያመርረው አበባ) ጋር ከፈላ በኋላ በፍጥነት ካልቀዘቀዘ ተውሳክ ይቀድመውና ይጎመዝዛል፤ በትኩሱ እርሾ ቢጨመርበት ደግሞ እርሾው ይሞታል። የላገር (በቅዝቃዜ የሚብላላው ቢራ) እርሾ የሚፈልገው ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የቴክሳስ በጋ ግን ከ35 ያልፋል። ማቀዝቀዣ መሣሪያ ባልነበረበት ጊዜ የሚጠመቀው ብርድ ሲገባ ነበር። እንዲያም ሆኖ መጥመቂያው በ1879 በምርት ከግዛቱ ሦስተኛ ደረሰ። ክራይሽ በ1882 ሞተ፤ ሥራውም በ1884 ቆመ።

ፍርስራሹን ከላይ ካለው መመልከቻ ማየት ይቻላል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ከአስጎብኚ ጋር ነው። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ስፍራውን ከሚያስተዳድረው የቴክሳስ ታሪክ ኮሚሽን የጉብኝቱን ቀን ያረጋግጡ። በበጋ በጠዋት ይሂዱ፤ ቁልቁለት ስላለው የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

አንዳንዶች ግንቡ ታድሶ እንደ አዲስ ይቁም ይላሉ። አልስማማም። በኖራ የተያያዘ አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከሲሚንቶው ይልቅ የሚለሰልሰው ድንጋይም ፊቱ እየተላጠ ይረግፋል። የሚያስፈልገው የላላውን በኖራ ማጥበቅና የዝናብ ውኃን ከግንቡ አናት ማራቅ ነው። ጎብኚም ግድግዳው ላይ መውጣት የለበትም፤ ከአናቱ አንድ ድንጋይ ከተነቃነቀ ውኃ በዚያ ይሰርጋል። በድንጋዮቹ መካከል የበቀለ ቁጥቋጦ ቢያዩም አይንቀሉ፤ ሥሩ ኖራውን ይዞ ይወጣልና ለሠራተኞቹ ይንገሩ።